በቡና አበባ ውስጥ የሚሄደው

ቶሌራ የደወለልኝ ሰኞ ጠዋት ነው። «ዶክተር፣ እዚህ ዘንቧል። ቡናው ሊፈነዳ ነው፤ ቶሎ ይምጡ» አለኝ። ቶሌራ ድሮ ተማሪዬ ነበር፤ አሁን ጅማ ያስተምራል። የቡና አበባ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ግልብጥ ብሎ ይፈካና ሁለት ሦስት ቀን እንኳ ሳይደላው ይጠወልጋል። ያ ካለፈ ዓመት መጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ ዓመት የምጠብቅበት ዓይን አልነበረኝም።

ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ በኋላ፣ ፊደሉን በኮምፒውተር ላይ አግዝፌ፣ ደብረ ብርሃን ቤቴ ተቀምጬ ነው። ጅማን አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ፤ ራሴ ግን ያየሁት በከፊል ነው። ምክንያቱን ወዲያው ልንገራችሁ። ባለፈው መስከረም የዓይን ሐኪሙ «መሀሉ ነው የሚጠፋው፣ ዳር ዳሩ ይቀርልሻል» ብሎኛል። ፊት ለፊት የማየው ሁሉ መሀሉ ላይ ጭጋግ አለበት። ሰው ሳይ ትከሻውና ጆሮው አለ፣ ፊቱ የለም። ይህን ለባለቤቴ ለታደሰ እንኳ አልነገርኩትም። ከነገርኩት እውነት የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

ሥራዬ የዕፅዋትን ሕዋስ ማጥናት ነው። ዛፍ ቆሞ ስታዩት ዝም ያለ ይመስላል እንጂ፣ በዓይን በማይታዩት ሕዋሶቹ ውስጥ ረፍት የለም። ምግብ የያዙ፣ የግድግዳ መሥሪያ የያዙ ቅንጣቶች በቀጫጭን መንገዶች ላይ ከጥግ ወደ ጥግ ሲጓጓዙ ይውላሉ። ይህን ጉዞ በሽንኩርት ልጣጭ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ኖሬያለሁ። በቡና አበባ ብናኝ ውስጥ ግን፣ በሕይወት እያለ፣ አይቼው አላውቅም። ቡና በእኛ አገር ብርድ አይበቅልም፤ አበባው በመኪና ሲመጣ መንገድ ላይ ይሞታል። ጥያቄዬም ስለ ብርድ ነበር። ዳገት ላይ ያለ ቡና ባበበ ሰሞን ሌሊቱ ሲበርድ ፍሬ ሳይዝ ይቀራል። በብናኙ ውስጥ ያለው ጉዞ በብርድ እንደሚቆም እገምታለሁ። ቆሞ የሚቀር ነው ወይስ ሲሞቀው ይነሣል?

ማክሰኞ

ታደሰ የማይክሮስኮፑን ሣጥን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። በመስታወቱ የፀሐይ ብርሃን ተቀብሎ የሚሠራ፣ መብራት የማይፈልግ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ነው። መሥሪያ ቤት ያለው አዲሱ የሚያሳየውን ሁሉ ሰፊ ስክሪን ላይ ስለሚያወጣልኝ፣ በዓይኔ ዳር እየቃረምኩ እሠራበታለሁ፤ ግን ገጠር ይዘውት የሚወጡት ዓይነት አይደለም።

«ጅማ ጃኬቱን አትፈልጊውም» አለኝ ታደሰ። «ለመንገድ ግን ያዢው።»

ከገብስ ማሳው፣ ከባሕር ዛፉና ከንፋሱ ወጥቼ ብቻዬን አዲስ አበባ ገባሁ። እህቴ ቤት አደርኩ። ስለዚህ ቀን ሌላ የምለው የለኝም፤ ሕልም የሚመስለው ጉዞ የጀመረው በማግሥቱ ነው።

ረቡዕ

የጅማው አውቶቡስ ጎሕ ሲቀድ ተነሣ። ከጎኔ ሰፊ አረንጓዴ ሒጃብ የለበሰች፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ተቀምጣለች። ስሟ ረሂማ ነው። አዲስ አበባ ያገባች ልጇን ጠይቃ ወደ ቤቷ፣ ከአጋሮ በላይ ወዳለው ዳገት መመለሷ ነው።

«ምንድነው ሣጥኑ፣ እህቴ? እንደ ሕፃን አቀፍሽው እኮ።»

«የማይታይ ነገር ማያ ነው» አልኳት።

«የማይታየውን ታዲያ ለምን ታይዋለሽ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ጥርት ያለ ነው፤ ፊቷን የማውቀው በእሱ ነው።

ወልቂጤን አልፈን ወደ ግቤ ስንወርድ አየሩ ተለወጠ። እኛ አገር ሙቀት የሚባለው ቀትር ላይ ግድግዳ ተደግፈው የሚሞቁት ፀሐይ ነው፤ እዚህ ግን ሙቀቱ ከመሬት ተነሥቶ፣ በመስኮት ገብቶ ጭን ላይ ይቀመጣል። ጃኬቴን አወለቅሁ። ወንዙ በዓይኔ ዳር እንደ ቆርቆሮ አብለጨለጨና ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ሽቅቡ መጣ፤ አረንጓዴው ከግራም ከቀኝም ተጠጋን። እንቅልፍና ንቃት ተቀላቀሉብኝ፤ ዛፎቹ ናቸው የሚሄዱት፣ እኛ ቆመናል ያልኩበት ጊዜ ነበር።

በእርግጥም ቆምን። ጎማ ፈነዳ፤ ተቀያሪው ሲወጣ እሱም ተንፍሷል። ረዳቱ ጎማውን ይዞ በሚያልፍ ሚኒባስ ወደ ፊት ሄደ፣ እኛ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። የካቲት ነው፤ ዘንድሮ የክርስቲያኑ ሁዳዴና የሙስሊሙ ረመዳን ተገናኝተዋል። ምግብ የሚያወጣ ሰው የለም፤ ሁሉም ጾመኛ ነው።

«እናንተም ጾሙን ያዛችሁ አይደል?» አለችኝ ረሂማ። «ኤዬ፣ ዘንድሮ አብረን ነን። ረኀቡም ይቀላል።»

ለምን እንደምሄድ ነገርኳት። ለአበባ ብቻ ይህን ሁሉ መንገድ መምጣቴ አላስገረማትም። «የእኛ ቡና ዳገት ላይ ነው» አለች። «የሰው ሁሉ ረግፎ ነው የእኛ የሚያብበው። ካጣሽ ነይ።» ስልኬን ተቀብላ ቁጥሯን ራሷ ጻፈችልኝ።

ጎማው ተሠርቶ ሲመጣ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ለጅማ ቅርብ የሆነችው ሰርቦ ስንደርስ አዛን ተሰማ። አስፋልቱ ዳር ትሪ የያዙ ሰዎች ቆመዋል፤ አውቶቡሱን በእጅ አስቁመው፣ ውሃውን፣ ተምሩን፣ ትኩስ ሳምቡሳውን በየመስኮቱ ያስገቡ ጀመር። «መንገደኛ ነው፣ ስጡት! ለእሷም ስጡ!» ይላል አንድ ሰው ከታች። ማን ሙስሊም ነው፣ ማን አይደለም ብሎ የጠየቀ የለም። እኛ አገር መንገደኛ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ነው የሚበላው፤ መንገድ ላይ እንዲህ ተሻምቶ የሚያበላ አይቼ አላውቅም።

ረሂማ ተምር ዘረጋችልኝ። እጄን ሰደድኩ፣ ሳተ። እንደገና ሰደድኩ፣ አየር ያዝኩ። እጄን በእጇ ያዘችና ተምሩን መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን አጠፈችልኝ። «ቢስሚላህ» አለች ለራሷ፣ እሷም ጎረሰች። 

ሐሙስ

ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ባለ አንድ እንግዳ ማረፊያ ነው ያደርኩት። ብርድ ልብሱን ወደ እግሬ ገፍቼ ተኛሁ፤ ቤቴ ይህን ባደርግ ኖሮ ጠዋት በሳል ነበር የምነሣው። ስነቃ ጣሪያው ላይ የርግብ ኮቴ ነበር፤ በመስኮቱም እርጥብ አፈር የሚሸት፣ የበሰለ ማንጎ የሚሸት አየር ይገባል።

ቶሌራ በባጃጅ መጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ ዝም አለ። ሲማር ጀምሮ ዝም ካለ መጥፎ ነገር አለ ማለት ነው።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ከባጃጁ ስንወርድ። «ትናንት ጠዋት ነበር። በጣም ቀደመ። ከሰዓት ደግሞ ንፋስና ዶፍ መጣ።»

ያዘጋጃቸው የቡና ዛፎች ሥር ወሰደኝ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩ። አበባው ቡኒ ሆኖ፣ እርጥብ ወረቀት መስሎ ቅርንጫፉ ላይ ተለጥፏል። ሽታው ብቻ ቀርቷል፤ ጽጌረዳም ማርም ያልሆነ፣ የሁለቱ መሀል የሆነ ሽታ። ቶሌራ ወደ ሰርቦም፣ ወደ ማና ወረዳም ደውሎ ነበር፤ ሁሉም ጋ ረግፏል።

አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪዎች በአጠገባችን ያልፋሉ፤ በአማርኛ የጀመሩትን በኦሮምኛ እየጨረሱ፣ መሀል ላይ እንግሊዝኛ እየጨመሩ ይሳሳቃሉ። ይህን ሁሉ ከሩቅ፣ ከውሃ ሥር ሆኜ የምሰማው መሰለኝ። ቶሌራ ያዘነልኝ ለጥናቱ ነው። እኔ ግን የምቆጥረው ሌላ ነበር፤ የሚመጣው የካቲት ላይ ከዓይኔ ምን ያህሉ ይቀራል? በመጨረሻ ስልኬን አወጣሁና ሰጠሁት።

«ረሂማ የምትባል አለች፣ ፈልገህ ደውልልኝ።»

ገና ሁለቴ ሳይጠራ አነሣች። «እንቡጥ ነው!» አለች፣ ድምፅዋ ለቶሌራም እስኪሰማ። «ነገ ማታ ከእኛ ጋር ነሽ፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት ኢንሻ አላህ ይፈካል።»

ዓርብ

በሚኒባስ እስከ አጋሮ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ባጃጁ እምቢ ሲል በእግር። ቶሌራ ሣጥኑን ተሸከመ። መንገዱ የሚያልፈው ከረጃጅም ዛፎች ሥር ነው፤ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ስማቸውን የማላውቃቸውም። ከእነሱ ሥር ደግሞ ቡናው። እኛ ጋ ዛፍ ሰማይ ላይ ለብቻው ይቆማል፤ እዚህ ዛፍ ከዛፍ በላይ ነው፣ ብርሃኑም ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ቅጠል ለቅጠል እየተቀባበለው፣ እግራችን ጋ ሲደርስ አረንጓዴ ይሆናል። የእኔን ለመሰለ ዓይን እንዲህ ያለ ቦታ ምቹ ነው። መሀሉ ቢጠፋም የሚጎድል ነገር የለም፤ ዳሩም መሀሉም አንድ ነው።

ረሂማ ደጅ ላይ ጠበቀችን። ባሏ አባ ዲጋ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ባለ ሦስት እግር በርጩማ አቀረቡልኝና «አበባ ለማየት ከደብረ ብርሃን መጣሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባ።»

«አበባውስ ያምራል። ፍሬ አይዝም እንጂ።» ከቤቱ ጀርባ ያለው ማሳ ጥሩ አብቦ፣ ብርድ ሲመታው ባዶውን እንደሚቀር ነገሩኝ። የማሳውን የላይኛውን ክፍል ነቅለው ጫት ሊያደርጉት አስበዋል። ረሂማ ከጓዳ ሆና በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሳይተረጎምልኝ ገባኝ፣ አትነቅለውም ነው።

ማታ ሲያፈጥሩ ለእኔ ለብቻዬ ሰሐን ቀርቦ አገኘሁ። የተቀቀለ ጎደሬ፣ አቮካዶ፣ በዘይት የተሠራ ቦሎቄ። ረሂማ ለቤቱ ሾርባ ስትሠራ ሥጋ የነካው ማንኪያ የእኔን ድስት እንዳይነካ ሌላ ማንኪያ ከጎረቤት አስመጥታለች። ውላ ያልቀመሰች ሴት የማትበላውን ምግብ ለሌላ ሰው ጾም ስትጠነቀቅ ሳይ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግን ጠፋኝ። «ገለቶሚ» አልኩ፣ በማውቃት አንዲት የኦሮምኛ ቃል። አባ ዲጋ ሳቁና «ተማርሽ» አሉኝ።

ቅዳሜ

ገና ሳልነሣ ሽታው መጣ። ረሂማ በሩን ከፍታ «ነይ» አለች፣ እጄን ይዛ በጀርባ በኩል አወጣችኝ።

ዳገቱ ነጭ ሆኗል። በየቅርንጫፉ፣ ከሥር እስከ ጫፍ፣ ነጭ። የእኔ ጭጋግ የት እንደሚያበቃ፣ አበባው የት እንደሚጀምር መለየት አቃተኝ። ንቦቹ ከእኛ ቀድመዋል፤ ማሳው በሙሉ ያጉተመትማል። ለምን ያህል ጊዜ እንደ ቆምኩ አላውቅም።

ቶሌራ በሌሊት ተነሥቶ ወደ አጋሮ ወርዷል። ዳገቱ ላይ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ እኛ ደግሞ ለብርዱ በረዶ ያስፈልገናል፣ በፔርሙዝ ሊያመጣ ነው የሄደው። እኔ ብናኙን አራግፌ፣ ስኳር በሟሟበት የውሃ ጠብታ ላይ ነስንሼ ጠበቅሁ። ብናኙ ጠብታውን እንደ አበባ ውስጥ ቆጥሮ ይበቅላል፤ ከእያንዳንዱ ቅንጣት አንድ ቀጭን ቱቦ ይወጣል። ጉዞው ያለው በዚያ ቱቦ ውስጥ ነው።

ፀሐዩ በረታ። ማይክሮስኮፑን በረንዳው ላይ አስቀምጬ መስታወቱን ወደ ብርሃኑ አዞርኩና ጎነበስኩ። ብሩህ ክብ ታየኝ። መሀሉ ላይ ጭጋግ። ዓይኔን ወደ ግራ ገፋሁ፣ ወደ ቀኝ ገፋሁ። በዳሩ በኩል እንደ ፀጉር ያለ ነገር ብልጭ አለ፣ ልይዘው ስል ጠፋ። ሌላውን ዓይኔን ሞከርኩ። ያው ነው። ምን ያህል ጊዜ እንደ ሞከርኩ እንጃ፤ አንገቴ ደነዘዘ፣ እንባዬ የማይክሮስኮፑን ዓይን አረጠበው።

«አይታይሽም፣ አይደል?» አለች ረሂማ ከኋላዬ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ተምሩን ስትስቺው።» በርጩማውን ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። «ማንም አያውቅም?»

«ማንም።»

 ከዚያ መነጽር እንደሚጠርግ ሰው የማይክሮስኮፑን ዓይን በሒጃቧ ጫፍ ጠረገችው። «እኔ ልይልሽ?»

መጀመሪያ ያየችው የራሷን ሽፋሽፍት ነበር፤ «ሣር አለ» አለችኝ። ቀጥሎ የአየር ፊኛ አየችና «ጨረቃ!» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። እጇን በእጄ ይዤ መዘውሩን ቀስ ብላ እንድታዞር አሳየኋት። ድንገት መተንፈሷን አቆመች።

«ምን ታየሽ?»

«ድንቡል ድንቡል ያሉ ናቸው። ከአንዱ ክር ወጥቷል። እንደ በቆሎ ቡቃያ ሥር።»

«የክሩን ውስጥ እዪ። ዝም ብለሽ እዪ።»

ንቦቹ ብቻ ይሰማሉ።

«ኢላሊ!» አለች በሹክሹክታ፣ ለራሷ እዪ እንደማለት። «ይሄዳሉ። ውስጡ የሚሄዱ አሉ። ሱብሐነላህ፣ የገበያ ቀን መንገድ ነው እኮ! ደቃቅ ደቃቅ ናቸው። በዳር በዳር ወደ ጫፉ ይሄዳሉ… ጫፉ ጋ ይደርሱና ይዞራሉ… በመሀል ይመለሳሉ።»

በዳር ሄደው በመሀል ይመለሳሉ። ይህን ከሥዕል ላይ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የእሷ ድምፅ እየመራኝ፣ አንድ በአንድ ሲሄዱ፣ ሲዞሩ አየኋቸው። አየሁ ነው የምለው፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ቶሌራ ላብ በላብ ሆኖ በረዶውን ይዞ ሲመጣ ስለ ዓይኔ ነገርኩት። በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረስኩት። እንዲህ አጭር መሆኑ ለራሴም ገረመኝ። ፔርሙዙን መሬት አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ክዳኑን ሲያጠብቅ፣ ሲያላላ ቆየ። «እሺ ዶክተር» አለ በመጨረሻ። «በረዶውን እኔ እይዛለሁ፣ ቀጥሎ አይቼ አረጋግጣለሁ። እሳቸው ይመልከቱ፤ እርስዎ ይምሩን።»

በረዶውን ጠብታው ካለበት መስታወት ሥር አስጠጋ። ረሂማ ጎንበስ እንዳለች ነው።

«ቀስ አሉ» አለች። «ደከማቸው… አንዱ ቆመ። ሌላውም።» ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ «ቆሙ። ሁሉም።»

ቶሌራ አይቶ «ቆሟል» አለ። ረሂማ ተመልሳ ጎነበሰች። «ሞቱ?» አለችኝ።

«አላውቅም። እሱን ለማወቅ ነው የመጣሁት።»

በረዶውን አነሣን፤ ፀሐዩ መታው። ጠበቅን። አባ ዲጋ ከማሳው መጥተው ምሰሶውን ተደግፈው ቆሙ፣ ምን እንደምንጠብቅ ሳይጠይቁ። ረሂማ ከንፈሯ በጾም ደርቋል፤ ዓይኗን ግን አታነሣም። እኔ የቅርንጫፉን ጥላ በረንዳው ላይ ሲንፏቀቅ በዓይኔ ዳር አየዋለሁ። ጥላው እግሬ ጋ ደረሰ። አለፈኝ።

«ዴሜ!» ብላ ጮኸች። «ዴሜ! ሄደ! አንዱ ሄደ… ሌላውም! ሄዱ!»

«ምኑ ነው የሄደው?» አሉ አባ ዲጋ።

«አበባው!» አለቻቸው፣ ክንዴን እስኪያመኝ ጨብጣ።

ሁለተኛውን ጠብታ በበረዶው ላይ ረዘም አድርገን አቆየነው። እሱ አልተነሣም። ረሂማ ለሶላት ብቻ እየተነሣች እስከ ከሰዓት ጠበቀችው፤ አንዱ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ብርዱ አጭር ከሆነ ይመለሳል፤ ከረዘመ አይመለስም።

አባ ዲጋ ይህን ሲሰሙ ረጅም ጊዜ ዳገቱን አዩ። «ከላይኛው ማሳ ጥላ ዛፉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ዛፍ ከላይ ቢኖረው ሌሊቱ ያጥርለታል?»

«ሌሊቱ አያጥርም፣ ብርዱ ግን ይቀንስለታል። በብዙ ዛፍ ላይ ገና መታየት አለበት፣ አባ። በሁለት ጠብታ ውሃ አይፈረድም።»

«ዘንድሮ አልነቅለውም» አሉ። ረሂማ በርጩማዋን አንሥታ ወደ ቤት ገባች፣ ከውስጥ ስታንጎራጉር ሰማናት።

እሑድና ሰኞ

ረሂማ እስከ ባጃጁ ሸኘችኝ። በአንድ እጇ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የማር እንጀራ፣ በሌላው እጄን ይዛለች።

«ለባልሽ ትነግሪዋለሽ?»

«እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። ይደነግጣል።»

ቆመች። «እኔ በአንድ ቀን አውቄ፣ አብሮሽ የሚኖረው አያውቅም ብለሽ ነው?»

ይህን ይዤ ግቤን ተሻገርኩ፣ አዲስ አበባ አደርኩ፣ በማግሥቱ የደብረ ብርሃንን ንፋስ ፊቴ ላይ አገኘሁት። ጃኬቴን ደረብኩ። ታደሰ መናኸሪያ ጠበቀኝ፤ ሣጥኑን ተቀበለኝ። ሰፈራችን እስክንደርስ ስለ ጎማው፣ ስለ ሰርቦ ሰዎች፣ ስለ ነጩ ዳገት አወራሁለት። በራችን ጋ ስንደርስ ወሬ አለቀብኝ።

«ታደሰ፣ ዓይኔ…» አልኩ።

ንፋሱ የግቢውን በር ሲያንኳኳ ይሰማል።

«የደረጃውን ጫፍ ነጭ ቀለም የቀባሁት ለምን መሰለሽ?» አለኝ።

ኅዳር ላይ ነው የቀባው። ለእንግዳ ነው ብሎኝ ነበር።

ወደ ታች አየሁ። መሀሉ ጭጋግ ነው። በዓይኔ ዳር ግን ነጩ መስመር ይታያል፤ እግሬን አንሥቼ ወጣሁ።